በሆሞሻ አደራ የተቀመጠ የማንጎ ወይን

ከዚህ በፊት የጉዞ ማስታወሻ ጽፌ አላውቅም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ጽፌ የማውቀው ደብዳቤ ነው፤ እሱንም ለአንድ ሰው፣ ለታላቅ ወንድሜ ለታደለ። አሁን እሱ የለም። የደብረ ብርሃን ሰው ግን ባገኘኝ ቁጥር «አሶሳ እንዴት ነው?» ይለኛል። መንገድ ላይ ቆሜ ስመልስ ይምታታብኛል። እዚያ ደርሰው ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማይደርሱ፣ ተራ በተራ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ደብተሩ ልናገር፤ ያለ እሱ ጉዞው አይገባም።

ታደለ አሶሳ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበር። ባለፈው ሐምሌ ወባ ገደለው። ቴሌግራሙ ሲደርሰን ከተቀበረ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ሻንጣው መጣ። ሁለት ሱሪ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር። ሹራቡ እማዬ የሠራችለት ነው። አንድም ቀን አልተለበሰም።

ደብተሩ የመጠጥ ደብተር ነው። ታደለ ዩኒቨርሲቲ ሲማር አዲስ አበባ አንድ ሆቴል በአስተናጋጅነት ይሠራ ነበር። እንግዶች ጠርሙስ ውስጥ ያስቀሩትን ወይን ይቀምስና የቀመሰውን ይጽፋል። አስተማሪ ከመሆኑ በፊት እንኳ ከአስር ማርክ መስጠት ይወድ ነበር።

«የጣሊያን ቀይ፦ ዝናብ ያገኘው ሚስማር ይሸታል። ግን ምላስ ላይ ይቆያል። ሰባት።»

«የግሪክ ነጭ፦ የጥድ ሙጫ ገብቶበታል። ሰዎቹ ሆን ብለው ነው አሉኝ። ለምን? አራት።»

«የቡልጋሪያ ቀይ፦ የበሰለ እንጆሪ። ደርግ ከወደደው ነገር እኔም የወደድኩት ይህን ብቻ ነው። ስምንት።»

«የፖርቱጋል ጣፋጭ፦ እንደ ማር ይወፍራል። ጠርሙሱን ውሃ ሳይነካው አጠብኩት። ዘጠኝ።»

ከነዚህ መሐል፣ በአንድ መስመር፦ «የእማዬ ጠላ፦ ዘጠኝ። አንዷን የቀነስኩት እንዳትኮራ ነው።»

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ሕግ አለ። «ያልቀመስከውን አትጻፍ። ለባለቤቱ ብለህ ማርክ አትጨምር።» የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «የማንጎ ወይን። እኔው የሠራሁት። ሆሞሻ፣ አም ኢድሪስ ዘንድ።» ከሥሩ ቀለም፣ ሽታ፣ ጣዕም፣ ማርክ ብሎ አስምሯል። ከፊታቸው ምንም የለም።

ያ ባዶ ቦታ እንቅልፍ ነሳኝ። ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። ቢያንስ ይህን ልሙላለት አልኩ። እማዬ ከልካይ አልሆነችም። አንድ ጠርሙስ አረቄ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ልጄን ለቀበሩልኝ ስጣቸው። ሌላ ምን አለኝ?» አለች። ጥር ገብቶ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ገባሁ። እሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ አልጽፈውም።

በሁለተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ አውቶብስ ተራ ነበርኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ሰው ጋሽ መኮንን ይባላሉ። ወደ አዲሱ ክልል የተመደቡ የቢሮ ሠራተኛ ናቸው። ከአውቶብሱ ጣሪያ ላይ፣ ከሻንጣዎችና ከፍራሽ መሐል፣ አንድ ወንበር ታስሯል። የእሳቸው ነው።

«ወንበር ይዘው ነው የሚሄዱት?» አልኳቸው።

«ክልሉ ገና አዲስ ነው ልጄ። ስም አለው፣ ማኅተም አለው። ወንበር ግን የለውም ብለውኛል። ቆሜ አልሠራም።»

አምቦን አለፍን። ከዚያ በኋላ ያለው አገር አረንጓዴ ነው። እኛ ጋ ጥር ሲገባ ምድሩ ሁሉ ገለባ ይመስላል፤ ውርጩ ሣሩን ያቃጥለዋል። እዚህ ዛፉ ከነቅጠሉ ቆሟል። ነቀምቴ አደርን። አልጋዬ አጠር ያለ ስለነበር እግሬን ሻንጣው ላይ ዘርግቼ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ከነጆ እንደወጣን ጉዱ መጣ። አውቶብሱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ እኔም ዘለልኩ፣ ቦርሳዬም ዘለለ። አንድ ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው አወቅሁ። የእማዬ አረቄ በአቧራማው ወለል ላይ እየፈሰሰ እስከ ሾፌሩ ሄደ።

«ማነው አውቶብሱን ያሰከረው?» አለ ረዳቱ።

«መስኮት ክፈቱ! ሾፌሩ እንዳይሸተው!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«ተዉት፣ ሲሸተው ነው ፍጥነት የጨመረው» አሉ ሌላ ሽማግሌ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጎንበስ ብዬ ስብርባሪውን እለቅማለሁ። ጣቴ ተቆረጠ። ጋሽ መኮንን ያላዩ መስለው አይተውኝ ኖሮ «ለማን ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው። ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ለሚሳለቀው ሁሉ «በቃችሁ፣ የሐዘን ዕቃ ነው» አሉ። ሳቁ ቆመ። ረዳቱ መጥቶ ወለሉን በራሱ ጨርቅ ጠረገልኝ። እውነት ለመናገር ሳቁ ይሻለኝ ነበር።

መንዲ አደርን። የአልቤርጎዋ ባለቤት ልብሴን ስታሸት «አንተ ወንድሜ፣ ስንት ጠጣህ?» አለችኝ። ታሪኩን ስነግራት ሸሚዜንና ቦርሳዬን ተቀብላ አጠበችልኝ። አላስከፈለችኝም። እራት ላይ ፋርሶ አቀረበችልኝ። ፋርሶ የኦሮሞ ጠላ ነው፤ ከእኛው ይወፍራል። ደብተሩን አወጣሁ። እንደ ታደለ ልጽፍ ፈለግሁ። ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ «ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አነበብኩትና ሰረዝኩት። ታደለ ሁልጊዜ «ያንተን ምላስ በርበሬ በልቶታል» ይለኝ ነበር። ሆሞሻ ደርሼ ብቀምስስ ምን ልጽፍ ነው? ያን ሌሊት የፈራሁት መንገዱን ሳይሆን ይህን ነው።

በአራተኛው ቀን ባምባሲን አልፈን ከሰዓት በኋላ አሶሳ ገባን። ሙቀቱ ከአውቶብሱ ስወርድ እንደ ዳቦ ቤት በር ተቀበለኝ። እኛ አገር ጥር ላይ ሰው በሁለት ጋቢ ይሄዳል። እዚህ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ከማንጎ ዛፍ ወደ ማንጎ ዛፍ ይሻገራል። የማንጎ ዛፍ እንዲህ ግዙፍ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ፍሬውን ብቻ በስዕል ነው የማውቀው። ዋናው መንገድ ዳር የክልሉ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። ቀለሙ ገና አልደረቀም መሰለኝ፤ ከፊደሎቹ አንዱ ወደታች ወርዷል። ጋሽ መኮንን ወንበራቸውን ተሸክመው ከሥሩ አለፉ። በኋላ ሳገኛቸው ቢሮው እውነትም ወንበር አልነበረውም። ጠረጴዛም የለውም።

የታደለ አከራይ እማማ የሺ ይባላሉ። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። ጠላ ይሸጣሉ። ማን መሆኔን ከመናገሬ በፊት ፊቴን አይተው ደረታቸውን መቱ።

«ውይ እኔ ልሙት! የታዴ አፍንጫ!»

እጄን ይዘው አስገቡኝ። ባዶ እጄን መምጣቴን፣ አረቄው መሰበሩን ስናገር እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ሳቁ። «መንገዱም ይቅመስ እንጂ ልጄ። ስንት ሰው ነው በሱ የመጣ፣ አንድ ቀን ምን ተሰጥቶት ያውቃል?»

ጠላ ቀዱልኝ። የማሽላ ነው፤ መልኩ ከእኛ የገብስ ጠላ ይቀላል። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ሲያዩ «ያች የማርክ ደብተር! ለእኔ ስንት ሰጠኝ?» አሉ። ገልጬ አየሁ። «የእማማ የሺ ጠላ፦ ጭሱ በዝቷል። እንስራውን ሲያጥኑ ይረሱታል። አምስት» ይላል። እማማ የሺ ማንበብ አይችሉም። እኔም ያየሁትን መናገር አልቻልኩም።

«ዘጠኝ» አልኩ።

«ውሸታም!» አሉና ጉልበቴን መቱኝ። «አምስት ነው! ፊት ለፊቴ ነግሮኛል። ሦስት ቀን አኮረፍኩት። በአራተኛው ቀን ጭሱን ቀነስኩት፣ ደንበኛዬ እጥፍ ሆነ። አንተ ወንድሙ ነህ፣ እንዲህ ታቆላምጠኛለህ?»

የምገባበት ጠፋኝ። የደብተሩን ሁለተኛ ሕግ ገና አሶሳ ሳላድር አፈረስኩት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት እማማ የሺ መቃብሩን አሳዩኝ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ድንጋዮቹ በሥርዓት ተደርድረዋል። «ማን ደረደራቸው?» ብዬ ስጠይቅ «ኢድሪስ ነው፤ ከሆሞሻ ድረስ መጥቶ ከቆፋሪዎቹ ጋር ቆፍሯል። ጸሎቱ ላይ ውጭ ቆመ፤ ሲያልቅ ገብቶ ድንጋዩን ደረደረ» አሉኝ።

ስንመለስ አንድ ሻይ ቤት ከርከዴ ጠጣሁ። ቀይ አበባ ተዘፍዝፎ የሚሠራ፣ ቀዝቃዛ፣ ጎምዛዛ ነው። ታደለ «ሳይሰክር ወይን የሆነ። ስምንት» ብሎ ጽፎለታል። ቀመስኩና ደብተሩን አየሁ፤ ደግሜ ቀመስኩ። እውነቱን ነው። በእሱ ቃል ስቀምስ ምላሴ ትንሽ የነቃ መሰለኝ።

በስድስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ነበር፣ ጨውና ሽንኩርት በጫነች መኪና ሆሞሻ ሄድኩ። መንገዱ ቀይ አፈር ነው። ግራና ቀኙ ቀርከሃ። ሱዳን ቅርብ ነው አሉኝ፤ ከሱዳን ያየሁት ግን የነጋዴዎቹን ጀለቢያ ብቻ ነው። ገበያው ዳር ወርጄ «አም ኢድሪስ» ስል አንዱ በጣቱ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አሳየኝ። አም ማለት አጎት ነው፤ ሽማግሌ ሁሉ እንዲሁ ይጠራል።

አም ኢድሪስ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጢማም የበርታ ሰው ናቸው። ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ቅርጫት ይሠሩ ነበር። «የታደለ ወንድም ነኝ» አልኩ። ቅርጫቱን አስቀመጡ።

«እናትህ ደህና ነው?»

«ደህና ነች።»

«አልሐምዱሊላህ። ዘግይተሃል» አሉ። «ና።»

ከቤቱ ጀርባ የቀርከሃ ጎተራ አለ። ውስጡ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው። ወለሉ ላይ እርጥብ አሸዋ፣ አሸዋው ውስጥ እስከ አንገቱ የተቀበረ ዳምጃን። ሆዱ ሰፊ፣ በቃጫ የተለበጠ፣ ያ ትልቁ የብርጭቆ ዕቃ። አፉ በእንጨት ውታፍ ተዘግቷል። ውታፉ ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ።

«እኔ አልጠጣም» አሉ አም ኢድሪስ። «ከልጅነቴ አልጠጣሁም። ጎረቤት ስቋል። ‹ኢድሪስ ሲያረጅ ጠጪ ሆነ› ብሏል። ኢማሙ ጠይቋል። ይሄ የእኔ አይደለም፣ አማና ነው፣ የሰው አደራ ነው አልኩ።»

ታሪኩን ነገሩኝ። ባለፈው ግንቦት ማንጎው ከዛፉ እየወደቀ ሲበሰብስ ታደለ አይቶ አዘነ። ከተማ ያለው ክፍሉ ቆርቆሮ ስለሆነ ይሞቃል፤ ስለዚህ እዚህ ጎተራ ውስጥ ጠመቀው። ሲሄድ አም ኢድሪስን «ይተነፍሳል፣ ካልከፈቱለት ይፈነዳል። አርብ አርብ ይክፈቱለት፣ እስክመጣ ድረስ» አላቸው። በሐምሌ ትምህርት ሲዘጋ ሊመለስ ነበር።

«ከጁምዓ ሶላት መጣሁ፣ ከፈትኩ። በየአርቡ። ጎረቤት ሠርግ አርብ ሆነ፣ ከፍቼ ሄድኩ። እኔ ታመምኩ፣ ሐዋ ከፈተ።» ሐዋ ባለቤታቸው ናቸው።

«ካረፈ በኋላስ?» አልኩ።

አዩኝ። «ሰው ሞተ። ቃል ይሞታል? እስክመጣ ብሏል። እሱ ካልመጣ ዘመድ ይመጣል አልኩ። ይኸው መጣ።»

ደብተሩ ውስጥ፣ የፖርቱጋሉ ወይን ገጽ ግርጌ፣ ታደለ አንድ ነገር ጽፏል። አውቶብስ ውስጥ አስር ጊዜ አንብቤዋለሁ። «ወይን መጀመሪያ ሰሞን አየር ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ አየር ጠላቱ ነው።» እኝህ ሰው ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ፣ አንድ አርብ ሳያሳልፉ፣ ለጠላቱ በር ሲከፍቱለት ነበር። በአደራ። በፍቅር።

አም ኢድሪስ ውታፉን ነቅለው በንጹሕ ብርጭቆ ቀዱልኝ። ሐዋም መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ቀለሙ ያምራል፣ እንደ ጠራ ቅቤ። አፍንጫዬ ጋ ሳይደርስ ግን አወቅሁ። ቀመስኩ። ጉንጬ ከውስጥ ተኮማተረ። ኮምጣጤ ነው። ንጹሕ፣ ብርቱ ኮምጣጤ።

«እንዴት ነው?» አሉ አም ኢድሪስ። «እኔ አልቀመስኩም። ጎበዝ ነው?»

ዘጠኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ለመዋሸት እንደዚያ የቀለለ ጊዜ አልነበረም። እሳቸው አይቀምሱት፣ ታደለ አይሰማ። ግን የእማማ የሺ እጅ ጉልበቴ ላይ እንዳለ ነው የተሰማኝ።

«አም ኢድሪስ» አልኩ፣ «ወይን አልሆነም። ኮምጥጧል።»

«ኮምጥጧል?»

«አየር ስለገባበት ነው።»

ውታፉን በእጃቸው ይዘዋል። አዩት። «እኔ ያስገባሁት?»

ይህን መመለስ ከሁሉም ከበደኝ። «አዎ። እሱ እንዳለዎት ስላደረጉ ነው። መጥቶ ሊዘጋው ነበር። ስላልመጣ ነው።»

አም ኢድሪስ አሸዋው ዳር ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ፤ ባንዴ ያረጁ መሰሉኝ። ምነው በዋሸሁ አልኩ።

ሐዋ ግን ገቡ። ብርጭቆውን ከእጄ ወስደው አሸተቱ። ከዚያ ሳቅ አሉ፣ ከዚያ በበርታ ቋንቋ ቶሎ ቶሎ ተናገሩ። ከተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ሰማሁ፦ «ኸል! ኸል!» ኸል ኮምጣጤ ነው።

አም ኢድሪስ ቀና አሉ። «ኸል ነው? አንተ፣ እርግጠኛ ነህ? ወይን በውስጡ የለም?»

«የለም። ኮምጣጤ ብቻ ነው።»

«ማንም አልጨመረበት። በራሱ ነው የሆነ» አሉ ለራሳቸው ያህል። «ወይን በራሱ ኸል ከሆነ ሐላል ነው። ነቢያችን ኸል ወዷል።» ከዚያ ተነሡ። «የታደለን እጅ እኔ ልቀምስ ነው!»

ስለ ምሳው ልጻፍ። ሐዋ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረቡ። አጠገቡ ሽንኩርትና ቲማቲም ተከትፎ፣ የተፈጨ ለውዝ ገብቶበት፣ ከላዩ ያ ኮምጣጤ ፈሰሰበት። እኛ አገር ለውዝ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚበላ ነገር ነው፤ ሰላጣ ውስጥ ሲገባ አይቼ አላውቅም። አም ኢድሪስ ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ ጎምዛዛው ይመጣል፤ ከኋላው፣ ከሩቅ፣ ማንጎው። እኔም አገኘሁት። ማንም ሳይነግረኝ፣ በራሴ ምላስ አገኘሁት።

«ሁልጊዜ ‹አንድ ቀን ከእርስዎ ጋር ብቀምስ› ይለኝ ነበር» አሉ። «እኔ ‹አይሆንም፣ ሐራም ነው› እለው ነበር። ሁለታችን እንስቃለን። ይኸው ሆነ። እሱ የለም እንጂ።»

ሐዋ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ለሦስታችንም ደግመው ጨመሩ።

ደብተሩን አወጣሁ። ቀለም፦ የጠራ ቅቤ። ሽታ፦ ከበር ላይ ይታወቃል። ጣዕም፦ ጎምዛዛ፣ ከኋላው ማንጎ። «ማርክ ስንት ይሁን?» ብዬ አም ኢድሪስን ጠየቅሁ።

«ለእናትህ ጠላ ስንት ሰጠ?»

«ዘጠኝ። አንዷን የቀነስኩት እንዳትኮራ ነው ይላል።»

«ለእሱም ዘጠኝ አድርግ። እንዳይኮራ።»

ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። ለባለቤቱ ብዬ አልጨመርኩም። ቀመስኩት፣ ዘጠኝ ነው።

በሰባተኛው ቀን፣ አርብ፣ ያቺው መኪና ስትመለስ ልሳፈር ተዘጋጀሁ። ሐዋ ለእማዬ አንድ ጠርሙስ ሞልተው በገለባ ጠቅልለው ሰጡኝ። ይህኛው እንዳይሰበር እስከ ደብረ ብርሃን ጭኔ ላይ ይዤው መጥቻለሁ። ዳምጃኑ ውስጥ ግን ገና ከግማሽ በላይ አለ።

አም ኢድሪስ ከጁምዓ ተመልሰው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ጎተራው ሄዱ። በሩ ላይ ቆሙ። ዞረው አዩኝ።

«አሁን አርብ አርብ ምን ልሥራ?» አሉ።

መኪናዋ ጥሩምባዋን ነፋች። ኮምጣጤን አየር እንደማይጎዳው ከታደለ ደብተር አላነበብኩም፤ ከእናቴ ቤት ነው የማውቀው።

«ይክፈቱለት አም ኢድሪስ» አልኩ። «እስክመጣ ድረስ።»

ጎንበስ ብለው ገቡ። ውታፉ ሲነቀል ድምፁን ሰማሁ።